ተሳቢ ቤቱን ማን ያስገባዋል?

ከሄግስታድ ቤት ሴት ልጅ የሚፈልግ ወንድ ሽማግሌ መላክ አይጠበቅበትም፤ ተሳቢ ቤት ማስገባት ግን ይጠበቅበታል። በሐምሌ ወር ቤተሰቡ ሰሜን ዊስኮንሰን ጫካ ውስጥ፣ ኦፓል ካምፕ ሲሰፍር ይመጣል፤ የአባትየው ፒክአፕ ላይ ይወጣል፤ ከኋላው የተቀጠለውን ጎማ ያለው ቤት በዛፎች መካከል ወደ ኋላ እየገፋ ቦታው ላይ ያቆማል። ልጅቷ ከኋላ ቆማ በእጇ ትመራዋለች። የካምፑ ሰው ደግሞ ታጣፊ ወንበሩን አውጥቶ፣ ቢራውን ይዞ ያያል። የቀለበት ወሬ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። ኦርላን ሄግስታድ ግን ስለ ባሕሩ አያውቅም። «ባልና ሚስት የሚተዋወቁት በስፖኪዮ ነው» ይላል።

እሱም ራሱ በዚሁ ፈተና ነው ያለፈው። ታሪኩን በየዓመቱ እሳት ዳር ያወራል። ያኔ ማርቫ ገና ልጃገረድ ነበረች፤ ግራ ማለት ሲገባት ቀኝ፣ ቀኝ ማለት ሲገባት ግራ እያለች አሳሳተችውና የአባቷን የብረት መጥበሻ ምድጃ ደፈጠጠው። «ይሁን እንጂ አገባኋት» ብሎ ይጨርሳል። ሰው ይስቃል። ማርቫ የድንች ሰላጣዋን ታማስላለች፤ አትስቅም፣ አትቆጣምም።

የእነሱ አንድያ ልጅ ሶንያ ናት። የወተት ላሞች ከሚያረቡት ወላጆቿ ጋር አብራ ትሠራለች፤ ክንዷ ጠንካራ፣ ምላሷ ስለታም፣ ልቧ ግን ቶሎ የሚሰበር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ብሬንት የሚባል ትራክተር ሻጭ እጮኛዋ ነበር። በፈተናው ቀን ሶንያ ሁለት እጇን አንስታ «ቁም» አለችው። ብሬንት ግን የሚያየው እሷን ሳይሆን እሱን የሚያዩትን ሰዎች ነበር፤ ተሳቢውን ወስዶ ከትልቁ ጥድ ጋር አላተመው። ከዚያ ወረደና «ምን ላድርግ፣ ይቺ ልጅ እጅ የላትም» አለ። ሰውም አመነው። አባቷም ጭምር፣ በአፉ ባይናገረውም። ብሬንት የዚያኑ ዕለት ሄደ፤ ጥዱ ግን ጠባሳውን ይዞ እዚያው አለ። አዲስ ሰው ሲመጣ «ያውና የሶንያ ጥድ» እየተባለ ይታያል።

ኦርላን ከዚያ ወዲህ ያንን ቦታ አልተከራየም፤ ሌላ ጥግ፣ ከበርች ዛፉ ሥር ይሰፍራል። ሶንያም ተሳቢ ሲገባ ከኋላ አትቆምም። እናቷ ትቆማለች፣ ሁለቱ ይጨቃጨቃሉ፣ ሰው ይዝናናል።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። እቤት፣ እርሻው ላይ፣ የሣር ጋሪውን በትራክተር ገፍታ ጠባቧ ጎተራ ውስጥ ወደ ኋላ የምታስገባው ሶንያ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ። ከላሞቹ በቀር ግን ማንም አይቷት አያውቅም። እቤት ሥራ ነው፤ ካምፕ ላይ ክብር ነው፤ ክብር ሲሆን ደግሞ መሪው የወንድ ነው። ይህን ነገር ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ ሶንያም ራሷ ልብ አላለችውም።

ዘንድሮ ገና እንደ ሰፈሩ ኦርላን እያለከለከ መጣ።

«ማርቫ፣ ሰው አየሁ።»

«ካምፕ ነው እኮ። ሰው ይታያል።»

«ሰው እልሻለሁ። ጎረቤታችን ነው። ያንን የሚያህል፣ አልጋና ወጥ ቤት ያለው አውቶቡስ ያለማንም መሪ በአንድ ጊዜ አስገባው። ልደርስለት ብሮጥ ጨርሶ አገኘሁት። ከሾፌሩ ወንበር ላይ ምንም እንዳልሠራ ሰው መነጽሩን እየጠረገ ወረደ። ጉራ የለ፣ ወሬ የለ።» ከዚያ ወደ ሶንያ ዞረ። «ቀለበትም የለውም።»

«አባዬ፣ ጣቱን ሳይቀር አየህ?»

«ስፖኪዮ የለመደ ዓይን ምንም አያልፈውም።»

«እንግዲያው አንተው አግባው» አለችና ሳህኖቹን ይዛ ወጣች። መሪ የያዘ ወንድ ላታይ ምላ ተገዝታለች፤ ደግሞ ሌላ ብሬንት ሊያመጣባት ነው።

በማግስቱ ጠዋት የቁርስ ሳህኖች ልታጥብ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ውሃው ላይ በተሠራው የእንጨት መራመጃ ጫፍ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል። ሁለት እጁን ወደ ውሃው ያወናጭፋል። ዳክዬዎቹ ፈርተው ርቀዋል።

«ንብ ከሆነ አታራግብ፣ ሩጥ» አለችው።

ዘወር አለ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ንብ አይደለም። ክላርኔቶች ናቸው።»

«የት?»

«ቺካጎ። እረፍት ወጥተዋል፣ እኔም አርፌያለሁ። የትምህርት ቤት ባንድ እመራለሁ። ክላርኔቶቼ ሁልጊዜ ይቸኩላሉ፤ በመስከረም እንዴት እንደማዘገያቸው እየተለማመድኩ ነው።» እጁን ዘረጋላት። «ካዚሚር እባላለሁ። ካዝ በይኝ።»

መነጽሩን ስታይ አወቀችውና ፊቷ ተዘጋ።

«አሃ። በአንድ ጊዜ ያስገባኸው አንተ ነህ።»

ካዝ እጁን ሰበሰበ። ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ ዳክዬዎቹ አየ።

«አንቺ የአቶ ሄግስታድ ልጅ ነሽ» አለ በመጨረሻ። «አባትሽ ትናንት እጄን ጨብጦ አልለቅ አለኝ። እኔ እኮ መኪና መንዳት አልችልም።»

«ምን?»

«አልችልም። መንጃ ፈቃድ ደጋግሜ ወድቄያለሁ። የመጨረሻው ፈታኝ ቀይ መብራት ላይ በሩን ከፍቶ ወርዶ በእግሩ ነው ወደ ቢሮው የተመለሰው። አውቶቡሱን ያስገባችው አክስቴ ብሮኒያ ናት፤ ዕድሜ ልኳን የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች። አጭር ስለሆነች ከመሪው በላይ አትታይም። እንዳቆመች መጸዳጃ ቤት ፍለጋ በዚያኛው በር ወረደች። እኔ ወንበሩ ላይ የወደቀ መነጽሬን እየፈለግሁ ነበር።»

«ታዲያ ለአባቴ አትነግረውም?»

«‹አቶ ሄግስታድ፣ እኔ እኮ› ብዬ ስጀምር ‹ትሕትናህን ወደድኩት› ይለኛል። እንደገና ብጀምር እንደገና ወደደልኝ።»

ሶንያ ልትቆጣ አሰበች፤ ሳቋ ቀደማት። ሆዷን ይዛ እስክትጎብጥ ሳቀች፤ አንዱ ሳህን ውሃ ውስጥ ገባ። ካዝ ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ አወጣላት። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ሳህኑን ሲያቀብላት ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ሳቋ ቆመ። 

«እንዳትነግረው» አለች ቀስ ብላ። «አባቴ ውሸታም ካለው ሰው ጋር አንድ እሳት አይሞቅም። የገዛ ወንድሙን ያጠመደውን ዓሣ አግንኖ ስላወራ ብቻ ስንት ዘመን አላናገረውም። እስከ እሑድ ተወው።»

ለምን እንዲህ እንዳለች ለራሷም አልገባትም። እሑድ ሁለቱም ቤተሰብ ይሄዳል፤ ማንም ሳይጎዳ ያልፋል ብላ ነው። እንዲህ ነው ሰው ራሱን የሚያታልለው።

ኦርላን ግን ሰውዬውን የሚተው አልሆነም። በየምሽቱ አክስትና የወንድም ልጅን እሳት ዳር ይጠራል፣ ቋሊማ ያቀርባል፣ ጥያቄ ይጠይቃል።

«እስቲ ንገረኝ፣ ከባድ ተሳቢ ስታዞር መሪውን ከላይ ነው ከታች የምትይዘው?»

አክስት ብሮኒያ ከጠረጴዛው ሥር ካዝን ረገጠችው። የትኛውን ለማለት እንደሆነ አላወቀም።

«እንደ ሁኔታው ነው» አለ።

ኦርላን ራሱን ነቀነቀ። «እንደ ሁኔታው ነው» አለ ለራሱ። በማግስቱ ይህ አነጋገር ካምፑን ሁሉ ዞሯል፤ ሽማግሌዎች ቢራቸውን ይዘው «እንደ ሁኔታው ነው አለ እኮ» ይባባላሉ።

ሶንያና ካዝ በበኩላቸው ቀን ቀን ሐይቁን ይዞራሉ። እሱ የወፎቹን ድምፅ እየሰማ የትኛው እንደሚቸኩል ይነግራታል፤ እሷ የትኛዋ ላም እንደምታኮርፍ ትነግረዋለች። አንድ ከሰዓት በእግራቸው ሲሄዱ ጥዱ ጋ ደረሱ። ሶንያ ልታልፈው ነበር፤ ካዝ ግን ቆመ።

«ይሄ ነው የሚሉት?»

«ይሄ ነው።» ነገረችው። መሬት መሬት እያየች፣ ብሬንት ያለውን ሳይቀር ነገረችው።

«እጅሽን እንዴት ነበር ያነሳሽው? አሳዪኝ።»

ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሁለት እጇን ከትከሻዋ በላይ አነሳች፣ መዳፏን ወደ ፊት ገለበጠች።

ካዝ ልክ ባንዱን እንደሚመረምር ሰው አስተውሎ አየ።

«ይሄ ‹ቁም› ነው» አለ። «ሌላ ትርጉም የለውም። ከበሮ የሚመታ ልጅ እንኳ ይገባዋል፤ ከበሮ የሚመታ ልጅ ደግሞ ምንም ነገር አይገባውም።»

ሶንያ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች፤ ዕንባዋ መጥቶ ነበርና። ወደደችው። ከዚያ ቀደም አብሮነቱ ደስ ይላት ነበር፤ አሁን ግን ወደደችው፣ አበቃ። እጁን ያዘችው፤ እሱም ጨበጣት። እንደተያያዙ እስከ ካምፑ መግቢያ ድረስ ሄዱ።

አርብ ነፋስ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት የካምፑ ባለቤት ኦፓል በትንሿ የኤሌክትሪክ መኪናዋ ደርሳ ወደ በርች ዛፉ ቀና ብላ አየች።

«ኦርላን፣ ያ ቅርንጫፍ ተሰንጥቋል። ጣሪያህ ላይ ሳይወርድ ዛሬውኑ ተነሥ።»

«ወዴት?»

«ያለኝ ባዶ ቦታ አንድ ነው። ጥዱ ጋ።»

ሶንያ ክው አለች። አባቷ ግን ጺሙን እየዳሰሰ ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ።

«ምልክት ነው» አለ። «እኔ አልነዳም። ካዝ ያስገባዋል። ሶንያ ከኋላ ትቆማለች። ያ ነገር እዚያው ቦታ ላይ ይታጠባል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ዓይን አለኝ። ስትተያዩ አይቻለሁ። ይሄን ካደረገ ከእኔ በኩል ነገሩ አልቋል።»

ምን ትበለው? ደስ ብሎት እንዲህ ካያት ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሱ ወሬውን ለካምፑ ሊያዳርስ ሄደ፤ እሷ ካዝን ፍለጋ ሮጠች። ከካምፑ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ አገኘችው፤ ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

«እነግረዋለሁ» አለ። ፊቱ ነጥቷል።

«ሰው ሁሉ ፊት?»

«ብቻውን ስነግረው ትሕትና ይለዋል። ምስክር ያስፈልገኛል።»

«ቢያባርርህስ?»

«በእግሬ እሄዳለሁ። መቼም አልነዳ።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ሶንያ፣ እሱ ቢቆጣኝ እችለዋለሁ። የምፈራው አንቺን ማጣት ነው።»

«አይ ካዝ» አለችና ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች። በየቀኑ ከአባቷ ጋር አንድ በረት ውስጥ ላም የምታልብ ልጅ ናት። አባቷ ፊቱን ያዞረበትን ሰው አግብታ ደስ ብሏት መኖር እንደማትችል ታውቃለች። ይህን ሰው ትታ ደስ ብሏት መኖር እንደማትችልም ታውቃለች።

ቀትር ላይ ካምፑ ሁሉ ወንበሩን ይዞ መጣ። ቢራ የያዘ አለ፣ የተጠበሰ አይብ የያዘ አለ፣ ውሻውን ያመጣ አለ። አክስት ብሮኒያ ከፊት ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ እግሯ መሬት አይነካም። ፒክአፑ ተሳቢውን ይዞ መንገዱ ላይ ቆሟል፤ ኦርላን ቁልፉን ለካዝ ሰጠው።

ካዝ ቁልፉን ተቀበለና ከቦታው አልተነቃነቀም።

«አቶ ሄግስታድ፣ እኔ መኪና መንዳት አልችልም።»

«አያችሁ?» አለ ኦርላን ወደ ሰው ዞሮ። «ትሕትና ማለት ይሄ ነው።»

«ትሕትና አይደለም። መንጃ ፈቃድ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም።»

«አውቶቡሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች አክስት ብሮኒያ ከሹራቧ ቀና ሳትል። «እሱ መነጽሩን እየፈለገ ነበር።»

 ከኋላ አንድ ሰው «ታዲያ ‹እንደ ሁኔታው ነው› ያለው?» ሲል ተሰማ።

የኦርላን አንገት ቀላ፣ ቅላቱ ወደ ጆሮው ወጣ። «እሳቴ ዳር ተቀምጠህ» አለ ቀስ ብሎ፤ ቀስ ማለቱ ከጩኸት ይከፋል። «ቋሊማዬን እየበላህ። ቁልፉን አምጣ።»

ካዝ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ግን ኦርላን አልወሰደውም፤ ሶንያ ወሰደችው።

«እኔ ነኝ ዝም በል ያልኩት» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያ የፒክአፑን በር ከፍታ ወጣችና ተቀመጠች።

«ሶንያ፣ ውረጂ።»

«የሣር ጋሪውን ማነው የሚያስገባው አባዬ?»

 ኦርላን መልሱን ያውቀዋል፤ ከዚያች ቀን በፊት ግን አስቦት አያውቅም።

«እሱ ሥራ ነው» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ግን ሌላ ነው። ውረጂ ብያለሁ።»

ይኼኔ ማርቫ ከወንበሯ ተነሣች። የድንች ሰላጣውን ማማሰያ እንደያዘች ወደ ባሏ ጠጋ አለች፤ ድምጿን አላነሳችም፣ የፊት ወንበር ላይ ያሉት ግን ሁሉም ሰሙ።

«ኦርላን፣ የአባቴ ምድጃ በማን ጥፋት እንደተደፈጠጠ ለሰው ልንገር?»

«ማርቫ።»

«እጄ ትክክል ነበር። አባቴ እንዳይከለክለኝ ብዬ ነው ‹እኔ ነኝ ያሳሳትኩት› ያልኩት። አንተ ግን ስትተርከው ስትተርከው ራስህ አመንከው። እስካሁን ችዬሃለሁ። ዛሬ ልጄን ውረጂ ካልካት ግን አልችልህም።»

ኦርላን ሚስቱን አየ። ከዚያ ፒክአፑ ላይ ያለችውን ልጁን አየ። ከዚያ ወደ ጥዱ ጠባሳ ዞረና ብዙ ጊዜ አየው። የገዛ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

ሶንያ ራሷን በመስኮት አወጣች። «ካዝ፣ ወደ ኋላ ሂድ። በስፖኪዮ ካላየሁህ አልነዳም።»

ካዝ ሄደ። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አለና በስፖኪዮዋ ውስጥ ከነጫማው ሙሉ ሆኖ ታየ። ሁለት እጁን ደረቱ ድረስ አነሳና ያዘ፤ ባንዱ ሊጀምር ሲል እንደሚያደርገው። ወንበር ላይ ያለው ሰው ሳቀ። ሶንያ ግን ገባት።

ቀኝ እጁ ትንሽ ክብ ሠራ፤ መሪውን ጠመዘዘች። ግራ መዳፉ ዝቅ አለ፤ ቀስ አለች። ተሳቢው እያቃሰተ ወደ ዛፎቹ መሐል ገባ። ፈጠን ልትል ስትል ፊቱን አጨማዶ ሁለት ጣቱን አነሳ፤ ክላርኔቶቹን መሆኑ ነው። መኪናው ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። ጥዱ ከነጠባሳው በስፖኪዮዋ ውስጥ ከተሳቢው ጎን ታየ።  አሁን ነው፤ ያኔም እዚህ ጋ ነበር።

ካዝ ሁለት እጁን ከትከሻው በላይ አነሳ፣ መዳፉን ወደ ፊት ገለበጠ። እሷ ያሳየችው ነው፣ ራሱ። ፍሬን ያዘች።

ሮጦ ሄዶ አየ። በተሳቢውና በጥዱ መካከል አንድ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ተመልሶ በስፖኪዮዋ ውስጥ ቆመና ፈገግ አለ፤ አቅኚ አላት፣ ነይ ነይ አላት፣ በመጨረሻም ጡጫውን አየር ላይ ጨብጦ ሙዚቃውን ቆረጠ።

ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ኦርላንን እያየ ነው። ኦርላን ተነሣ፤ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውሃ ልኩን አወጣና የተሳቢው ደጃፍ ላይ አኖረው። ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ሁልጊዜ ከጎማው ሥር ሳንቃ እየጨመረ፣ እየቀነሰ የሚሟገትበት ነገር ነው። አረፋዋ መሐል ላይ ቁጭ ብላለች። ውሃ ልኩን ገልብጦ እንደገና አኖረው። ያው ነው። ታኮዎቹን አመጣና ጎማው ሥር ራሱ ሰነቀረ። ሰው ያኔ አጨበጨበ።

ሶንያ ከፒክአፑ ወረደች። አባቷ መጥቶ ራሷን ወደ ደረቱ ሳበ። «ያኔም እጅሽ ትክክል ነበር» አላት። ለሷ ብቻ ሳይሆን ሰው እንዲሰማው አድርጎ ነው የተናገረው።

ከዚያ ወደ ካዝ ዞረ።

«አንተ።»

«አቤት።»

«ዋሽተኸኛል።»

«አልዋሸሁም። ዝም ነው ያልኩት።»

«ዝምታህንም እኮ ወድጄው ነበር። የሚያናድደኝ እሱ ነው።» ኦርላን ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ሚስቱ አየ። «ወንበርህን ይዘህ ወደ እሳቱ ና።»

ሶንያና ካዝ በተጋቡ በዓመቱ ሐምሌ ላይ የራሳቸውን አሮጌ ተሳቢ ቤት ይዘው መጡ። እሷ መሪው ላይ፣ እሱ ከኋላ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ። ካዝ ዛሬም መንጃ ፈቃድ የለውም፤ አክስት ብሮኒያ ልታስተምረው ሞክራ ሹራቤን መሥራት ይሻለኛል ብላ ትታዋለች። ኦርላን ከሁሉ በፊት ወንበሩን አውጥቶ ፊት ተቀምጧል። አጠገቡ ያለ፣ ከአዮዋ የመጣ አዲስ እንግዳ ነገሩ ግራ ገባው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለምንድነው ሴትየዋ የምትነዳው?»

ኦርላን በንቀት ገረመመው።

«በእኛ ቤት ልማዱ ይሄ ነው» አለ። «ሴቷ ትነዳለች፣ ወንዱ ይመራል። ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ነው።»

ከጀርባው ማርቫ የድንች ሰላጣዋን እያማሰለች ነበር። ማማሰያውን አስቀምጣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።